ባለዕዳው ሩቅ፣ ንብረቱ ቅርብ

በሮም ምሥራቃዊ ክፍል፣ በካዚሊና ጎዳና ግራና ቀኝ የምትገኘው ቶር ፒኛታራ የሠራተኛ ሰፈር ናት። በማራኔላ ዙሪያ የባንግላዴሽ ተወላጆች ሱቅ ይበዛል፤ በአኩዋ ቡሊካንቴ ጎዳና ላይ ያለው አሮጌው ሲኒማ ኢምፔሮ ደግሞ ከአስመራው ሲኒማ ጋር ሞክሼ ነው። ከዚህ ሰፈር ገና ሳይነጋ ተነስተው ቢሮ የሚያጸዱ፣ የሆቴል አልጋ የሚያነጥፉ፣ በመጋዘን ዕቃ የሚያወርዱና የሚጭኑ ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም መካከል የእኛ የኢትዮጵያ ሰዎች አሉ። ሥራቸው ሮም ውስጥ ነው። ቀጣሪያቸው ግን ብዙ ጊዜ ሆቴሉ ወይም የመጋዘኑ ባለቤት አይደለም፤ ሥራውን በኮንትራት የወሰደ ሌላ ድርጅት ነው። ያ ድርጅት አንዳንዴ በሌላ ከተማ፣ አንዳንዴም በሌላ አገር የተመዘገበ ይሆናል።

ደመወዝ በጊዜው እስከገባ ድረስ ይህ ማንንም አያሳስብም። አንድ ወር፣ ሁለት ወር ሲዘል ግን ጥያቄው ይመጣል፦ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚህ የሌለን ድርጅት የት አግኝቼ እከሰዋለሁ? ቢፈረድልኝስ ከየት ይከፈለኛል? ብዙ ሰው እዚህ ላይ እጁን ይሰጣል፤ የላቡን ዋጋ ለእግዜር ትቶ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ይህን ማብራሪያ ያስጻፈኝ ያ ተስፋ መቁረጥ ነው። ድርጅቱ ሩቅ ቢሆንም ንብረቱ ቅርብ ሊሆን ይችላል፤ ክርክሩ እስኪያልቅም ያንን ንብረት ባለበት ለማቆየት ሕጉ መንገድ አለው። መንገዱ ማስረጃና ፍጥነት ይጠይቃል እንጂ የተዘጋ አይደለም።

የዕዳ ዋስትናው ሀብት ነው

እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው የጣሊያን ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2740 መሠረቱን ያስቀምጣል፦ ባለዕዳ ለግዴታው አሁን ባለውና ወደፊት በሚያገኘው ንብረቱ ሁሉ ኃላፊ ነው። ስለዚህ ገንዘብ የሚፈልግ ሰው የመያዣ ውል ባይፈራረምም የባለዕዳው ሀብት በጠቅላላ ዋስትናው ነው። ችግሩ ሀብት ከቦታ ቦታ፣ ከእጅ ወደ እጅ መሄዱ ነው። ከክስ እስከ ፍርድ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። በዚያ መሃል ባለዕዳው መኪናውን ቢሸጥ፣ የባንክ ሒሳቡን ባዶ ቢያደርግ፣ ማሽኑን ጭኖ ድንበር ቢያሻግር፣ የተገኘው ፍርድ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ይህን ለመከላከል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 671 ሴኩዌስትሮ ኮንሴርቫቲቮ የሚባለውን ትእዛዝ ደንግጓል። ገንዘቤን አጣለሁ የሚል በቂ ሥጋት ያለው ሰው ሲያመለክት፣ ዳኛው የባለዕዳው ተንቀሳቃሽም ሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት፣ እንዲሁም ሌሎች ለባለዕዳው ሊከፍሉት የሚገባ ገንዘብ ተይዞ እንዲቆይ ሊያዝ ይችላል። ድሮ በአገራችን አንድ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲባል ካለበት ንቅንቅ እንደማይል ሁሉ፣ ንብረቱም በዚህ ትእዛዝ ባለበት ይቆማል። ለገንዘብ ጠያቂው ገና አልተሰጠም፤ ባለቤቱ ግን ሊያሸሸው አይችልም። ቢሸጠው እንኳ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2906 መሠረት፣ ሽያጩ ያስያዘውን ሰው መብት አይነካም።

ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ሴኩዌስትሮ ያቆያል፤ ፒኞራሜንቶ ደግሞ ወደ ሽያጭና ወደ ክፍያ ይወስዳል። የመጀመሪያው ከፍርድ በፊት የሚጠየቅ ነው፤ ሁለተኛው ሊፈጸም የሚችል ፍርድ ይፈልጋል። ገንዘብ ጠያቂው ሲረታ ሴኩዌስትሮው ወደ ፒኞራሜንቶ ይለወጣል፤ ለዚህም ፍርዱን በ60 ቀን ውስጥ ለአፈጻጸም ክፍሉ ማስገባት አለበት።

ከከተማ የወጣን ባለዕዳ መያዝ

ርቆ ያለን ባለዕዳ እንዴት ማስከፈል ይቻላል የሚለው ጥያቄ በጣሊያን ምድር የቆየ ነው። በመካከለኛው ዘመን ፍሎረንስ፣ ሲዬናና ቦሎኛ እያንዳንዳቸው እንደ መንግሥት የቆሙ ከተሞች ነበሩ። የአንዱ ከተማ ነጋዴ ለሌላው ከተማ ሰው ዕዳውን ሳይከፍል ሲቀር፣ ያገሩም ሹማምንት ፍርድ ሲነፍጉ፣ ተበዳዩ ከራሱ ከተማ የፈቃድ ደብዳቤ ያወጣ ነበር። በዚያ ደብዳቤ ከባለዕዳው አልፎ የማንኛውንም የከተማውን ልጅ ዕቃ መያዝ ይቻል ነበር። ታላቁ የሕግ ሊቅ ባርቶሎ ዳ ሳሶፌራቶ በ1354 ስለዚሁ ልማድ ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፏል። ግፉ ግልጽ ነው፤ ንጹሕ ነጋዴ ባልበላው ዕዳ ይወረሳል። የዛሬው ሕግ የሚይዘው የባለዕዳውን የራሱን ንብረት ብቻ ነው፤ የአገሩ ልጅ መሆን ማንንም ባለዕዳ አያደርግም።

በአሜሪካ ጥያቄው በክፍለ ግዛቶች መካከል ተነሳ። ኔፍ የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ መሬት ነበረው፤ እሱ ግን ካሊፎርኒያ ይኖር ነበር። ጠበቃው 300 ዶላር ለማይሞላ ክፍያ ኦሪገን ላይ ከሶ በሌለበት አስፈረደበት፤ መሬቱም ተሸጠ። በ1878 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሽያጩ ዋጋ የለውም አለ፤ ከግዛቱ ውጭ በሚኖር ሰው ላይ በንብረቱ በኩል ለመፍረድ ንብረቱ ገና ከመነሻው መያዝ ነበረበት። ከ99 ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ያው ፍርድ ቤት ሻፈርና ሃይትነር በተከራከሩበት ጉዳይ ሌላ ገደብ ጨመረ፦ ከክርክሩ ጋር የማይገናኝ ንብረት በግዛቱ ውስጥ ስለተገኘ ብቻ ዳኝነት አይቋቋምም፤ ተከሳሹ ራሱ ከግዛቱ ጋር በቂ ግንኙነት ይኑረው አለ።

በእኛ አገር ጥንት ይያዝ የነበረው ሰውየው ራሱ ነበር። አበዳሪና ተበዳሪ በቁራኛ ታስረው አብረው ይውሉ ያድሩ ነበር፤ ተበዳሪው የሚለቀቀው ዋስ ሲጠራ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ጉዳዩን በዳኛ እጅ አኖረው። ከቁጥር 147 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች፣ ተከሳሹ የፍርዱን አፈጻጸም ለማሰናከል ንብረቱን ሊሸጥ ወይም ሊያሸሽ መሆኑ ሲታይ ፍርድ ቤቱ ዋስትና እንዲያቀርብ፣ አለዚያ ንብረቱ እንዲያዝ ማዘዝ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ችሎት የተመላለሰ ሰው ሮም ላይ የሚገጥመው ነገር ብዙ አይከብደውም።

ዳኛው የሚፈልጋቸው ሁለት ነገሮች

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንዲት እህት በሮም መሃል ባለ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች እንበል። የቀጠራት በሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር የተመዘገበ የጽዳት ድርጅት ነው። ደመወዟ በወር 1,200 ዩሮ፣ ያልተከፈላት 4 ወር፣ ድምሩ 4,800 ዩሮ ነው።

የምትከሰው እዚሁ ሮም ነው። የኅብረቱ ደንብ ቁጥር 1215/2012 ሠራተኛ ዘወትር በሚሠራበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ቀጣሪውን እንዲከስ ይፈቅዳል፤ ቀጣሪው ከኅብረቱ ውጭ የሚገኝ ቢሆንም እንኳ። ንብረት የማስያዙን ትእዛዝ በተመለከተም የ1995ቱ የጣሊያን ሕግ ቁጥር 218 በአንቀጽ 10፣ ትእዛዙ የሚፈጸመው ጣሊያን ውስጥ ከሆነ የጣሊያን ዳኛ ሥልጣን እንዳለው ይናገራል። በጁሊዮ ቼዛሬ ጎዳና ያለው የሮም ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያይ የሥራ ክርክር ክፍል አለው።

ዳኛው መጀመሪያ የሚፈልገው መብቱ እውነት ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ሙሉ ማረጋገጫ በዚህ ደረጃ አይጠየቅም፤ ዓይን የሚሞላ ምልክት ይበቃል። ከሁሉ የሚቀድመው ቡስታ ፓጋ የሚባለው የወር ደመወዝ ወረቀት ነው። ራስጌው ላይ የድርጅቱ ስም፣ አድራሻና የግብር መለያ ቁጥር ይገኛል፤ ዝቅ ብሎ የተሠራው ሰዓትና ቀን፣ ግርጌው ላይ ኔቶ የሚባለው በእጅ የሚገባው ገንዘብ አለ። ያ ኔቶ የተጻፈበት ወረቀት በእጅ ኖሮ ገንዘቡ ባንክ ካልገባ፣ ድርጅቱ ራሱ ዕዳውን ጽፎ ሰጥቷል ማለት ነው። ቡስታ ፓጋ ያልተሰጣት ሠራተኛ የቅጥር ውሏን፣ ያለፉት ወራት ክፍያ የገባበትን የባንክ መግለጫ፣ አለቃ በዋትሳፕ የላከውን የፈረቃ ዝርዝር፣ አብረዋት የሠሩ ምስክሮችን ታቀርባለች።

ሁለተኛው ሥጋት ነው፦ ዛሬ ንብረቱ ካልተያዘ ነገ አይገኝም የሚያሰኝ ምክንያት። ይህ በሁለት መንገድ ይታያል። አንደኛው የድርጅቱ ሀብት ከዕዳው ጋር ሲመዘን ማነሱ ነው። ሌላው አድራጎቱ ነው፤ መኪኖቹን ለሽያጭ ያወጣል፣ ቢሮውን ይዘጋል፣ ሥራውን በአዲስ ስም ወዳቋቋመው ሌላ ድርጅት ያዛውራል። ከሁለቱ አንዱን በማስረጃ ማሳየት ይበቃል።

የውጭ ድርጅት መሆኑ ብቻውን ሥጋት ይሆናልን? ለዚህ መልስ የሰጠው ከለውዝ ጭነት የተነሳ ጉዳይ ነው። አንድ የሆላንድ አጓጓዥ ከቱርክ ወደ ሃምቡርግ ሃዝልነት የሚባለውን ለውዝ ጭኖ ሲመጣ ዕቃው በእርጥበት ተበላሸ። ካሳ የጠየቀው የጀርመን ድርጅት ገና ጀርመን ውስጥ የነበረው የጭነት መኪና እንዲያዝለት አመለከተ። የጀርመን ሕግ በዚያን ጊዜ ፍርዱ ውጭ አገር የሚፈጸም መሆኑን ብቻ እንደ በቂ ምክንያት ይቆጥር ነበር። የአውሮፓ ፍርድ ቤት የካቲት 10 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ፣ አገሮቹ አንዱ የሌላውን ፍርድ ለመፈጸም በተስማሙበት ማኅበር ውስጥ ይህ አድልዎ ነው አለ። ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው፤ በሌላ የኅብረቱ አገር የተመዘገበን ድርጅት በእንግድነቱ ብቻ ማስያዝ አይቻልም፣ ሥጋቱን በሥራው ማሳየት ያስፈልጋል። ሕጉ እኛን ራሳችንን በእንግድነታችን እንዳይንቀን እንፈልጋለንና፣ ይህ ደንብ ለሌላውም ሲሠራ ልንደሰት ይገባል።

ምን ይያዛል?

የጽዳት ድርጅቱ ሮም ውስጥ ምን አለው? መጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው በሚታየው ላይ ነው፤ የውጭ ታርጋ የለጠፉ ሁለት ፉርጎኔ (የዕቃ መኪና)፣ ወለል የሚያጥቡ ማሽኖች፣ የመጥረጊያና የሳሙና ክምችት። እነዚህን ማስያዝ ይቻላል። ሕጉ ለግለሰብ ባለሙያ የሥራ መሣሪያ ከለላ ይሰጣል፤ በኩባንያ መልክ የተቋቋመ ባለዕዳ ግን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 515 የተደነገገውን፣ መሣሪያው ከአንድ አምስተኛ በላይ እንዳይያዝ የሚከለክለውን ገደብ መከታ ሊያደርግ አይችልም። ሆኖም መኪና በአንድ ሌሊት ድንበር ያቋርጣል፤ ያረጀ ማሽንም ሲሸጥ የሚያወጣው ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት በዓይን አይታይም፤ ሆቴሉ ለጽዳት ድርጅቱ በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ይህ ገንዘብ የሚገኘው ሮም ውስጥ፣ የታወቀ አድራሻ ባለው ከፋይ እጅ ነው። ትእዛዙ ሲወጣ የፍርድ ቤቱ አስፈጻሚ ወረቀቱን ለሆቴሉ ያደርሳል። ወረቀቱ ሆቴሉን የሚያዘው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ለጽዳት ድርጅቱ ልትከፍል ከሚገባህ ላይ እስከዚህ መጠን ያለውን ያለ ዳኛ ፈቃድ አትልቀቅ፤ ምን ያህል እንዳለብህም አስታውቅ። ከዚያ በኋላ ሆቴሉ ትእዛዙን ችላ ብሎ ለድርጅቱ ቢከፍል፣ ያ ክፍያ በሠራተኛዋ ላይ መቃወሚያ አይሆነውም፤ ዳግመኛ ለመክፈል ሊገደድ ይችላል። የሆቴሉ ሒሳብ ሠራተኛ ይህን ስለሚያውቅ ገንዘቡን ይይዛል። ሠራተኛዋ ስለዚህ ማወቅ ያለባት ትልቁ ነገር ቀጣሪዋ ከማን ገንዘብ እንደሚቀበል ነው።

ሦስተኛው የባንክ ሒሳብ ነው። ሒሳቡ ሮም ባለ ባንክ ከሆነ ሥርዓቱ ለሆቴሉ እንደተነገረው ነው። በሌላ የኅብረቱ አገር ከሆነ ደግሞ ከጥር 18 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ደንብ ቁጥር 655/2014 አለ። በዚህ ደንብ የአንድ አገር ዳኛ የሚሰጠው ትእዛዝ በሌላው አገር ያለን ሒሳብ ያግዳል፤ ባለሒሳቡም አስቀድሞ እንዲያውቅ አይደረግም። ዴንማርክ በዚህ ደንብ ውስጥ የለችም። ገና ፍርድ ያላገኘ አመልካች በመርሕ ደረጃ ዋስትና ያስይዛል፤ ዳኛው ግን እንደ ሁኔታው ሊያስቀርለት ይችላል። ሒሳቡ የት እንዳለ በፍርድ ቤት በኩል የማፈላለግ ዕድል ያለውም ፍርድ በእጁ ለያዘ ሰው ነው። ስለዚህ ደመወዝ ይገባበት የነበረውን የላኪ ሒሳብ ቁጥር ከባንክ መግለጫ ላይ ቀድቶ ማስቀመጥ ትልቅ ጥቅም አለው።

ሰዓቱ ይቆጠራል

በመደበኛው አካሄድ ዳኛው ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ይወስናል። መጥሪያው ባለዕዳውን አንቅቶ ንብረቱን የሚያሸሽ ከሆነ ግን ሳይሰማው ማዘዝ ይችላል። ያኔ ችሎቱ በ15 ቀን ውስጥ ይቀጠራል፤ አመልካቹም ማመልከቻውንና ትእዛዙን በ8 ቀን ውስጥ ለባለዕዳው ያደርሳል። ወረቀቱ የሚደርሰው ውጭ አገር ከሆነ ሁለቱም ጊዜያት ሦስት እጥፍ ይሆናሉ፤ 45 እና 24 ቀን።

ትእዛዙ ከተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ ካልተፈጸመ ይሞታል። ዋናው ክስ አስቀድሞ ካልተከፈተ ደግሞ ቢበዛ በ60 ቀን ውስጥ መከፈት አለበት፤ ካልተከፈተ የተያዘው ይለቀቃል። በትእዛዙ ያልተስማማ ወገን በ15 ቀን ውስጥ ቅሬታውን ያቀርባል። ንብረቱ የተያዘበት ድርጅትም የዕዳውንና የወጪውን ያህል በቂ ዋስትና አስይዞ ንብረቱን ማስለቀቅ ይችላል። ይህ ለሠራተኛዋ ሽንፈት አይደለም፤ በመኪና ፈንታ ጥሬ ገንዘብ ወይም የባንክ ዋስትና ተተካላት ማለት ነው።

ይህ መሣሪያ በሁለት በኩል የተሳለ መሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። ዳኛው አመልካቹን ዋስትና አስይዝ ሊለው ይችላል። መብት ሳይኖረው፣ ተገቢውን ጥንቃቄ ሳያደርግ ንብረት ያስያዘ ሰው ካሳ ይከፍላል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 96 የሚለው ይህን ነው። በገዛ እጅ መያዝ ደግሞ ጨርሶ የተከለከለ ነው። «ደመወዜን እስኪሰጡኝ» ብሎ የድርጅቱን ማሽን ቤት ማስገባት ወይም የመኪናውን ቁልፍ መሸሸግ፣ እውነተኛ ባለመብት የሆነን ሰው በወንጀል ተከሳሽ ያደርገዋል። ኤምባሲ ውስጥ የሚሠሩ ወገኖችም ይህን ልብ ይበሉ፦ እ.ኤ.አ. የ1961 የቪየና ስምምነት የኤምባሲን ግቢ፣ በውስጡ ያለውን ዕቃና መኪናዎቹን ከመያዝ ይጠብቃል። ድርጅቱ በፍርድ ቤት ከከሰረም ነገሩ ይለወጣል፤ እያንዳንዱ ለየራሱ ንብረት መያዙ ቀርቶ ሁሉም በአንድ መዝገብ ይጠይቃል። እዚያ የሠራተኛ ደመወዝ ቅድሚያ አለው፤ በ1982ቱ ሕግ ቁጥር 297 የተቋቋመው፣ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ የኢንፕስ የዋስትና ፈንድም በሕጉ ገደብ የአገልግሎት ክፍያውንና የመጨረሻ ወራት ደመወዝን ይሸፍናል።

ሌላው በር

ብዙ ሠራተኛ የማያውቀው፣ አንዳንዴም ከሴኩዌስትሮ የሚቀል መንገድ አለ። በ2003ቱ አዋጅ ቁጥር 276፣ አንቀጽ 29 መሠረት ሥራውን በኮንትራት የሰጠው ነጋዴ ድርጅት ለሠራተኛው ደመወዝ ከኮንትራክተሩ ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነው፤ ይህም ኮንትራቱ ካበቃ እስከ 2 ዓመት ድረስ ነው። በምሳሌያችን ሆቴሉ ራሱ 4,800 ዩሮውን ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው። አንቀጹ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን አይመለከትም፤ ለእነሱ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1676 አለ። በዚያ ድንጋጌ ሠራተኛው ሥራ ሰጪውን በቀጥታ ይጠይቃል፣ የሚያገኘው ግን ሥራ ሰጪው ለኮንትራክተሩ ገና ያልከፈለውን ያህል ብቻ ነው። ይህም ፍጥነት የሚጠይቅበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ የተከፈለ ደረሰኝ የሠራተኛውን ድርሻ ይቀንሳል።

ሴኩዌስትሮ ይበልጥ የሚያስፈልገው ከጀርባ እንዲህ ያለ ኃላፊ በሌለበት ነው፦ ለውጭ ድርጅት ዕቃ ያስረከበ ባለሱቅ፣ ለድግስ ምግብ አብስላ ክፍያዋን ያላገኘች ሴት።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ግን ክርክር ከመነሳቱ በፊት ነው። ሥራ የሚጀምር ሰው ቀጣሪው ማን እንደሆነ በሙሉ ስሙ ይወቅ፤ ከካሜራ ዲ ኮሜርቾ (ከንግድ ምክር ቤት) የሚወጣው ቪዙራ የተባለው የምዝገባ ወረቀት የድርጅቱን መቀመጫና ኃላፊ ያሳያል። የፈረቃ ዝርዝር፣ ቡስታ ፓጋና መልእክት አይጥፋ። ሥራ ሰጪው ሆቴል ወይም መጋዘን ማን እንደሆነ ይጻፍ። ደመወዝ ሲዘል ጥያቄው በጽሑፍ፣ በሪኮማንዳታ (በአደራ ደብዳቤ) ወይም በፔክ (በተረጋገጠ ኢሜይል) ይላክ። ከዚያም የሲንዳካቶ (የሠራተኛ ማኅበር) ኡፊቾ ቬርቴንዜ ወደሚባለው የክርክር ቢሮ ወይም የሥራ ሕግ ጠበቃ ጋ መሄድ ይገባል፤ ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው የጠበቃውን ወጪ መንግሥት እንዲሸፍንለት መጠየቅ ይችላል፣ የውጭ ዜጋ መሆኑ አይከለክለውም።

ያልተከፈለ ደመወዝ የመጠየቂያ ጊዜው 5 ዓመት ነው። ይህ ሰፊ ጊዜ ሰውን ያዘናጋል። መብቱ 5 ዓመት ይቆያል፤ ንብረቱ ግን 5 ሳምንትም ላይቆይ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ደመወዝ እስኪዘል አይጠበቅ። በመጀመሪያው ወር ምክር የጠየቀ ሠራተኛ ፍርድ ሲያገኝ የሚከፈልበት ነገር አብሮ ያገኛል።